ግማሽ እርምጃ

ሰኞ፣ የ11ኛው ሳምንት ጨዋታ ማግስት

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ባለቤቴ ናት። «ብስጭትህን እኔ ላይ ከምታራግፍ እዚህ ላይ አራግፈው» አለችኝ። እሺ፣ ይኸው።

ክለባችን ዘንድሮ ደጋፊ በስልኩ ድምፅ የሚሰጥበት ነገር አመጣ። ከየጨዋታው በኋላ ሰው የወደደውን ተጫዋች ይመርጣል፤ ውጤቱ ሰኞ ጠዋት የመመገቢያ አዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል። አሥራ ስምንት ስም፣ ከላይ ወደ ታች። ዛሬ ሐሩ አንደኛ ነው። ጥይት ሦስተኛ። እኔ አሥራ ስድስተኛ። ከእኔ በታች ያሉት ሁለቱ ሜዳ አልገቡም፤ እንዲያውም አንደኛው ታሞ ቤቱ ተኝቶ ነበር።

መሐል ሜዳውን የምንይዘው ሦስታችን ነን። ጥይት ይሮጣል። ሐሩ ያቀብላል፤ ሐሩ ያለው ደጋፊው ነው፣ ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ ስለምትለሰልስ። እኔ እቆማለሁ። ሥራዬ ተጋጣሚ ሊያቀብልበት ያሰበውን ቦታ ቀድሜ መያዝ ነው። ቀድሜ ከያዝኩት ወደዚያ አያቀብልም፤ ካላቀበለ ምንም አይፈጠርም። ላልተፈጠረ ነገር ደግሞ የሚያጨበጭብ የለም። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስጫወት አንድም ቀን አልከነከነኝም። አንዲት ወረቀት በር ላይ ተለጠፈችና ቁርሴ አልወርድ አለኝ።

ሐሩ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። «አይዞህ ወንድሜ፣ ታማሚውን እኮ በልጠሃል» አለኝ። ሳቅሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ትሪውን እደፋበት ነበር። ሐሩ ግን ሚዜዬ ነው፤ ካምፕ ስንገባም አንድ ክፍል ነው የምናድረው።

ረቡዕ

አባዬ ዓይኑን ካጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ስኳሩ ነው የወሰደበት። ድሮ ብየዳ ቤቱን በጊዜ ዘግቶ፣ እጁ እንደጠቆረ ስታዲየም ይመጣ ነበር። አሁን ሳሎን መስኮቱ ሥር ተቀምጦ በሬዲዮ ነው የሚከታተለኝ።

«እሁድ እንዴት ነበርኩ?» አልኩት።

«ጋዜጠኛው አንድ ጊዜ ጠርቶሃል።»

«ምን ሲል?»

«ተቀይረህ ስትወጣ።»

ሰማንያ ሁለት ደቂቃ ሮጬ አባቴ ጆሮ የደረሰው መውጣቴ ብቻ ነው። ሻዩን በእጁ ፈልጎ አነሳና ጠጣ። ፊቱ ላይ ቅሬታ አየሁ። ባለቤቴ «የምን ቅሬታ ነው፣ ሻዩ አቃጥሎት ነው እንጂ» ትላለች። እሷ አባዬን እንደ እኔ አታውቀውም።

ዓርብ

ፀጉር ቤት። ፀጉር አስተካካዩ አዲስ ነው፣ አላወቀኝም። ማሽኑን አንገቴ ላይ አድርጎ ስለ ክለባችን ያወራል። ሐሩ እንዲህ፣ ሐሩ እንዲያ። ጥይትም ልጅ ቢሆንም ይደርሳል አለ።

«ሦስተኛውስ?» አልኩት፣ ምን እንደነካኝ እንጃ።

«የቱ? ያ የሚገተረው ሰውዬ?»

ከዚያ በኋላ ጆሮዬ ላይ ያለውን ፀጉር እንኳን አላስነካሁትም። ተነስቼ ሄድኩ።

እሁድ፣ 13ኛ ሳምንት

ዝናብ። ሜዳው ጭቃ። አንዷ ኳስ ላይ እግሬ አዳልጦኝ ዘገየሁ። ያለኝ ምርጫ ሸርተቴ መውረድ ብቻ ነበር፤ በጎኔ ወረድኩና ኳሷን ከሰውየው እግር ሥር ጠረግኋት። ስታዲየሙ ብድግ አለ። ጭቃ ለብሼ ስነሳ ጥላ ሥር ያሉት ሁሉ ስሜን እየጠሩ ነበር። በሰዓቱ ደርሼ ቢሆን ማንም አያየኝም ነበር። ለስህተቴ ነው የተጨበጨበልኝ።

ቤት ስገባ አባዬ፣ «ዛሬ ጋዜጠኛው ጮኸልህ» አለኝ። «ወድቀህ ነበር እንዴ?»

«መውደቅ አይደለም አባዬ፣ ሸርተቴ ነው።»

«ይሁና» አለ። ደስ ብሎታል።

ሰኞ

ዘጠነኛ።

ማክሰኞ፣ ከ15ኛው ሳምንት በኋላ

እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም። ግማሽ እርምጃ ነው። ከዚያ አይበልጥም። ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ አውቃለሁ፤ ድሮ ቢሆን ቀድሜ ቆሜ ነበር የምጠብቃት። አሁን ግማሽ እርምጃ እቆያለሁ። ሰውየው መንገዱ የተከፈተ ይመስለውና ያቀብላል። ያኔ እወርዳለሁ። አንድም ጊዜ አልሳትኩም። ቡድኑ አልተጎዳም፣ ማንም አልተጎዳም፣ እያሸነፍን ነው።

አምስተኛ ሆንኩ። ጥይት ሰባተኛ። ጥይት ሁለት ቀን ሙሉ ሰላም አላለኝም። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የሃያ ዓመት ልጅ ስላኮረፈኝ ደስ ይበለኝ? ደስ አለኝ። አፈርኩም፣ ግን ደስ አለኝ።

አባዬ እየቆጠረ ነው ለካ። «ሰባት ጊዜ ተጠራህ» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ «የነሱ አሥር ቁጥር አሥራ አራት ጊዜ» አለ። ስለ እነሱ አሥር ቁጥር ማን ጠየቀው? ዕድሜ እየተጫነው ነው።

ዓርብ

የጨዋታዎቻችንን ቪዲዮ ለአሰልጣኙ የሚመረምረው ሰውዬ ከልምምድ በኋላ ለብቻዬ ጠራኝ። ጠባቧ ክፍሉ ውስጥ እንደ ልማዱ ጫማውን አውልቆ ነው የሚሠራው። የእሁዱን ጨዋታ አቆመና ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ።

«እዚህ ጋ ለምን ዘገየህ?»

«አልዘገየሁም።»

«ባለፈው ዓመት ይህቺ ኳስ ስትነሳ አንተ እዚህ ነበርክ። አሁን እዚያ ነህ።»

«ዕድሜ ነዋ» አልኩት። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። አሰልጣኙ በበሩ ሲያልፉ ሰምተው ኖሮ አንገታቸውን አስገቡ። «ደጋፊው ወዶታል፤ ተወው» አሉት። እኔንም ጀርባዬን መታ መታ አድርገውኝ አለፉ። አሰልጣኙ በአምስት ዓመት ውስጥ ጀርባዬን ሲነኩኝ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ቅዳሜ፣ የ16ኛው ሳምንት ዋዜማ፣ ካምፕ

ሐሩ አልጋው ላይ ተጋድሞ ጉልበቱ ላይ በረዶ ይዟል። ሠላሳ ሦስት ሞልቶታል፤ ጉልበቱን ስትሰማው ግን ስድሳ ነው። ድንገት ወደ ኮርኒሱ እያየ፣ «አንተ፣ ምን ሆነሃል?» አለኝ።

«ምን ሆንኩ?»

«እኔ እንጃ። ድሮ ኳስ ስይዝ ዞሬ አላይም ነበር። አንተ ከኋላዬ አለህ፣ አለቀ። አሁን ዞር ስል መሬት ላይ ነህ። ጀርባዬን ብርድ ብርድ ይለኛል።»

«ኳሷን አምጥቼልሃለሁ አይደል?»

«አምጥተሃል» አለ። በረዶውን ወደ ሌላው ጎን አዞረና፣ «እንግዲህ እኔ የቀረኝ ይሄና የሚመጣው ዓመት ነው። በደህና ልጨርሰው ብዬ ነው» አለኝ።

ነገ እቆማለሁ። ለሐሩ ስል እንደ ድሮዬ እቆማለሁ።

ሰኞ

አልቆምኩም። ስሜን እየጠሩ እንዴት ይቆማል? ሦስተኛ ነኝ።

እሁድ፣ 17ኛ ሳምንት

ሐሩ። እግሩ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ሌላ ምንም አልሰማሁም። ስታዲየሙ ይጮህ ነበር።

ማክሰኞ

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፈው።

ሰባ አንደኛው ደቂቃ ነው። ሁለት ለዜሮ እየመራን፣ ጨዋታው ቀዝቅዞ፣ ሰው ወደ መውጫው ማዝገም ጀምሮ ነበር። ተከላካያችን በጭንቅላቱ የመታት ኳስ በእኔና በሐሩ መሐል ወደቀች። እኛ ዘንድ ሕጉ አንድ ነው፤ «የኔ» ያለ ኳሷን ይወስዳል፣ ሌላው ይቆማል። ከሕፃንነታችን ጀምሮ የተማርነው ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ኳስ ላይ ከሄደ አንዱ ይሰበራል። ሐሩ «የኔ» አላለም። ወይም ብሎ ይሆናል፣ እኔ አልሰማሁም። ስታዲየሙ ይጮህ ነበር። ከተጋጣሚ አንድ ሰው እየመጣ ስለነበር ወረድኩ። ኳሷን ነው ያገኘሁት፣ ማንም ያየ ያውቃል፣ ኳሷን ነው። ኳሷ ውጭ ወጣች፣ የቀረው ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ሐሩን አዩትና ጭብጨባው ቆመ።

ወጌሻው ሮጦ መጣና እግሩን አየው። እንደ ሌላ ጊዜ ውኃ አልረጨም። የራሱን ጃኬት አውልቆ የሐሩን እግር ሸፈነበት።

ሐሙስ

ሆስፒታል። ከጉልበቱ በታች ሁለቱም አጥንት። ሐኪሙ ኳስን እርሳው አላለውም፤ «እስቲ እናያለን» ነው ያለው። ሐሩ ሞኝ አይደለም።

ሚስቱ ውኃ ልታመጣ ስትወጣ እጄን ያዘኝ። እጁ ትኩስ ነበር።

«ስማኝማ፣ እኔ ጠርቻለሁ? 'የኔ' ያልኩ ይመስለኛል። ግን እንጃ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተደበላልቆብኛል። አንተ ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም» አልኩት።

«አልሰማህም?»

«አልሰማሁም ወንድሜ። ስታዲየሙ ይጮህ ነበር።»

ትራሱ ላይ ተመልሶ ተኛ። «እንግዲያው እኔው ነኝ» አለ። «አሥራ አምስት ዓመት ኳስ ተጫውቼ አፌን መክፈት አቃተኝ። አንተ አትጨነቅ። እኔው ነኝ።» ያጽናናኝ ጀመር። እሱ እኔን። ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ፤ ሊፍቱን ሳልጠብቅ አምስቱንም ፎቅ በእግሬ ወረድኩ።

ሰኞ፣ ከ18ኛው ሳምንት በኋላ

አንደኛ ነኝ።

ሐሩ ስድስተኛ። ሳይጫወት ስለሆነ ስድስተኛም ብዙ ነው ይላሉ። ባለፈው ሳምንት አዝነውለት አንደኛ አድርገውት ነበር። በሳምንቱ ግን ወሬው ዞረ። ሬዲዮ ላይ አንዱ ደውሎ «ባለ ልምድ ተጫዋች ነው፣ 'የኔ' አይልም እንዴ?» አለ። ሌላው ተቀበለው። ከዚያ ሁሉም ሰው ነገሩን ያወቀ ሆነ። አውቶቡስ ላይ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ለጓደኛው «እግሩ ሐር፣ አፉ ድንጋይ» ብሎ ሲቀልድ በጆሮዬ ሰማሁት። ዞሬ ብነግረውስ? ምን ብዬ? የምወርድበት ሳይደርስ ወረድኩ።

ጥይት መልበሻ ክፍል ውስጥ አንደኛ በመሆኔ እንኳን ደስ አለህ አለኝ። ከልቡ ነበር።

ረቡዕ

የቪዲዮው ሰውዬ በሩን ዘጋ። ጫማውን አላወለቀም።

«ድምፅ የለውም፣ ምስል ብቻ ነው» አለኝ። አዘግይቶ ከፈተው። የሐሩ አፍ ይከፈታል። ይዘጋል። እንደገና ይከፈታል። እኔ ከእሱ አራት እርምጃ ላይ ነኝ፤ ፊቴ ወደ እሱ ነው። ከጀርባችን ያለው መቀመጫ ግማሹ ባዶ ነው። የተቀመጡት ስልካቸውን ያያሉ።

«ለማንም አላሳየሁም» አለኝ። «አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔ ምን እላለሁ? ምስሉ ግልጽ አይደለም።»

«እሺ» ብሎ ኮምፒውተሩን አጠፋው። እርግማን ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

ልምምድ ላይ አንድ ሰው «የኔ!» ባለ ቁጥር እደነግጣለሁ። አንዷ ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩና ኳሷ አልፋኝ ገባች። አሰልጣኙ «ምን ነካህ፣ ውረድ እንጂ!» አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ

የሐሩ ሚስት ደወለች። ከሆስፒታል ከወጣ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ሰው አልይ ብሏል፤ ስልኩ ላይ የሚጻፍበትን ሲያነብ ነው የሚውለው።

«እባክህ ጓደኛህን አናግረው» አለችኝ። «አንተን ይሰማሃል። በእንቅልፉ 'የኔ! የኔ!' እያለ እየጮኸ ይነሳል። አሁን መጥራት ምን ያደርግለታል?»

«እመጣለሁ እህቴ» አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ነበር። «መቼ?» አለችኝ። «ነገ» አልኩ። «ስንተኛው ነገ?» አለችና ገባች። ምን ያህል እንደምታውቅ አላውቅም። ይህን ደብተር ልቆልፍበት የሚገባኝ መሳቢያ ቁልፍ የለውም።

እሁድ፣ 21ኛ ሳምንት

አሸነፍን። ስሜ በዜማ ተዘፈነ፤ ከአንዱ ጥግ ተነስቶ ዙሪያውን ዞረ። ከዚህ በፊት እንዲህ የተዘፈነው ለሐሩ ብቻ ነው። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ፤ ትሕትና መሰላቸው፤ ይብስ ዘፈኑ።

ለአባዬ ልነግረው እየሮጥኩ ገባሁ። ይህን መቼም ሰምቷል፣ ሬዲዮው ሙሉ እኔ ነበርኩ። እሱ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ሬዲዮው ጠፍቷል።

«ባትሪው አልቆ ነው?»

«ከዘጋሁት አራት ሳምንት ሆነው» አለኝ።

«ለምን?»

«አንተ የለህማ።»

«አባዬ፣ አንደኛ ነኝ እኮ! ጋዜጠኛው ከእኔ ሌላ የሚጠራው የለም!»

«እሱን ነው የምልህ።» እጁን ዘርግቶ ፈለገኝ፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «በፊት እኔ አንተን አዳምጬ አላውቅም። አንተ መንገዱን የምትዘጋበትን የነሱን አሥር ቁጥር ነው የማዳምጠው። ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ሞልቶት ስሙ ሳይጠራ ሲቀር፣ 'ልጄ እዚያ ቆሟል' እላለሁ። ልክ እንደማይህ ነበር። አሁን እነሱም ይጠራሉ፣ አንተም ትጠራለህ። የት እንዳለህ ጠፋኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምኑን? የምታውቅ መስሎኝ ነው።»

አለቀስኩ። እንዳይሰማኝ አፌን ይዤ ነበር፤ ግን ሰምቷል። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። ፀጉር ቤቱን፣ ወረቀቱን፣ ግማሽ እርምጃውን። ሐሩ «የኔ» ሲል መስማቴንም። አዎ፣ ሰምቻለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ስታዲየሙ አልጮኸም ነበር። ሁለት ጊዜ ጠራ፤ በመጀመሪያው መቆም እችል ነበር፣ በሁለተኛውም እችል ነበር።

አባዬ «ልጁ ያውቃል?» ብቻ አለኝ።

«አያውቅም። ራሱን ነው የሚወቅሰው።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ታደርጋለህ?»

ሰኞ

ሄድኩ። ሐሩ ሶፋው ላይ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ጢሙን አልተላጨም፤ ከስቷል። ሲያየኝ ሊነሳ ሞከረ። «የደጋፊው ንጉሥ መጣ!» አለ። ቀልዱ ውስጥ መርዝ አልነበረበትም። ሚስቱ ወንበር ሰጥታኝ ወጥ ቤት ገባች።

ወንበሩ ላይ አልተቀመጥኩም።

«ጠርተሃል» አልኩት።

«ምን?»

«'የኔ' ብለሃል። ሁለት ጊዜ። ሁለቱንም ሰምቻለሁ።»

አየኝ። ከዚያ ፊቱ ተከፈተ፤ ሌላ ቃል የለኝም፣ ተከፈተ። ወደ ወጥ ቤቱ ዞሮ እዚያ ሜዳ ላይ በማውቀው ድምፅ ተጣራ። «አንቺ! ነይማ! ጠርቻለሁ! ጮኼ ነበር እኮ፣ ሁለት ጊዜ!» ይስቃል፣ እንባውን ይጠርጋል፣ እንደገና ይስቃል። ሚስቱ እጇ እንደራሰ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እሱን አላየችም። እኔን ነበር የምታየው። ከእሱ ቀድሞ ነገሩ የገባው ለእሷ ነው።

ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ።

«ሰምተህ ነው?» አለኝ ሐሩ።

«ሰምቼ።»

«ታዲያ ለምን ወረድክ?»

በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበር። ስለ አባዬ፣ ስለ ሬዲዮው፣ ስለ ፀጉር አስተካካዩ። አንዱም አልመጣልኝም።

«እንዲያጨበጭቡልኝ» አልኩት።

እግሩን አየው። ከዚያ እኔን። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ በእውነት ማወቅ የፈለገ ሰው እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀኝ።

«አጨበጨቡልህ?»

«አዎ» አልኩት።